ውሃና ጨው በዳሎል፦ የአንድ ማዕድን ታሪክ

በዳናክል ረባዳ ምድር ጨው ለምን እንደተከማቸ ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው ይህ ምድር በጥንት ዘመን በቀይ ባሕር ውሃ ተጥለቅልቆ ነበር፤ የባሕሩ መግቢያ ሲዘጋ ተከልሎ የቀረው ውሃ በፀሐይ ኀይል ተነነ። በረባዳው ጠርዝ ላይ የሚገኙት የኮራል ቅሪቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከበድ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው ይህን ማዕድን ለማውጣት በተነሣ ቁጥር፣ ማዕድኑን ያስቀመጠው ያው ውሃ የሥራውን ዕድል ሲወስን መኖሩ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ከሊቃውንት አስቀድሞ ያወቀው ጨው ቆራጩ ነው። በክረምት ከትግራይ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ ያለውን የጨው ሜዳ ያጥበዋል፤ ውሃው ሲተን የሟሟው ጨው ተመልሶ ይረጋና አዲስ ነጭ ንጣፍ ይሆናል። አፋሩና ትግሬው በመጥረቢያና በአጣና እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ፣ በግመል እየጫኑ ወደ ደጋ ያወጡት አሞሌ የዚሁ ንጣፍ ቁራጭ ነው። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሪቱ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቷል፤ ከመገኛውም በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟ ገንዘብ ይዞ ደጋውን ማቋረጥ ቀላል ጥበብ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የነገሩ ሕግ በቤተ ሙከራ የተመረመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኬሚስቱ ኡሲሊዮ በ1849 የሜዲትራኒያንን ውሃ እያተነነ ጨዎቹ በየትኛው ተራ እንደሚረጉ መዘገበ። በመጀመሪያ ጥቂት የካልሲየም ካርቦኔት ይረጋል፤ ውሃው ወደ አንድ አምስተኛው ሲቀንስ ጂፕሰም፣ ወደ አንድ አስረኛው ሲቀንስ የገበታ ጨው ይከተላሉ። የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች በቀላሉ የሚሟሙ በመሆናቸው ከውሃው የሚለዩት በመጨረሻ ነው። ከ1896 ጀምሮም ቫንት ሆፍ በበርሊን ከተባባሪዎቹ ጋር በጀርመን የስታስፉርትን ጨዎች መነሻ አድርጎ የትኛው ማዕድን በምን ሙቀትና በምን ዓይነት ሙሙት እንደሚረጋ ለዓመታት አጠና። የፖታሽ ፈላጊ ዛሬም የሚመራው በዚሁ ተራ ነው።

ተራው ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያበቃ አይደለም። ካርናላይት የሚባለው ማዕድን የፖታሲየምና የማግኒዥየም ክሎራይድን ከውሃ ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። ንጹሕ ውሃ ሲደርስበት እንደ ስኳር እኩል አይሟሟም፤ ማግኒዥየሙ ከውሃው ጋር ሲሄድ ከፖታሲየም ክሎራይዱ ከፊሉ ሲልቫይት ሆኖ ይቀራል። በዳሎል አካባቢ በላይኛው ንብር የሚገኘው ሲልቪናይት፣ ማለትም ሲልቫይት ከገበታ ጨው ጋር የተደባለቀበት ድንጋይ፣ በዚህ መንገድ የመጣ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እንግዲህ የማዕድኑን ሀብት ያበለጸገውም የኋለኛው ዘመን ውሃ ነው ማለት ነው።

ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ፖታሽ ከገበያ ሲጠፋ ወደ ዳሎል ፊታቸውን አዞሩ። ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የተዘረጋው ጠባብ የባቡር ሐዲድ በ1918 ተጠናቀቀ። ሰላም ወርዶ የጀርመን ማዕድን ሲመለስ ግን በዚያ ሙቀት የሚወጣው ፖታሽ ተወዳዳሪ አልሆነም።

ትልቁ ሙከራ የአሜሪካው የፓርሰንስ ኩባንያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ጀምሮ በሙስሊ ብዙ ጉድጓዶች ቆፈረ፤ በ1960ዎቹም የመሬት ውስጥ ማዕድን ከፈተ። በ1967 ውሃ ገብቶ ማዕድኑን አጥለቀለቀው፤ በተከታዩ ዓመት ሥራው ቆመ። በከሰል ማዕድን ውስጥ የገባ ውሃ በፓምፕ ይወጣል፤ ዐለቱም እንዳለ ይቆያል። በፖታሽ ውስጥ የገባ ውሃ ግን መንገዱን እየበላ ያሰፋል። በገበታ ጨው እስኪበቃው የጠገበ ውሃ እንኳ ፖታሽ ሲያገኝ ማሟሟቱን አይተውም። ስለዚህ ጥቂት ስንጥቅ ሰፊ ቦይ ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።

ከ2008 በኋላ የመጡት ድርጅቶች፣ በተለይ የካናዳው አላናና የኖርዌዩ ያራ፣ ነገሩን ገልብጠው አዩት፤ ሰው ወደ ማዕድኑ ከሚወርድ ይልቅ ውሃ ይውረድ አሉ። ዕቅዱ ውሃ በጉድጓድ ወደ ንብሩ ሰዶ ፖታሹን በማሟሟት፣ ሙሙቱን ስቦ በማውጣትና በሰፋፊ ኩሬዎች በፀሐይ በማርጋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ውሃ 20 ዲግሪ ሲሆን በ100 ግራም ውስጥ 34 ግራም ያህል ፖታሲየም ክሎራይድ ያሟሟል፤ 100 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 56 ግራም ያድጋል። የገበታ ጨው መጠን ግን ከ36 ወደ 39 ግራም ብቻ ይወጣል። በዚህ ልዩነት ሁለቱን መለየት ከስታስፉርት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። አላናን በ2015 የገዛው የእስራኤሉ አይሲኤል ኩባንያ በ2016 ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የመሠረተ ልማት ጉድለት ነበር።

ዘዴው ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ሆኖም ሒሳቡ ፖታሹ ከኩሬው ሲታፈስ አያልቅም። ከመሬት በታች የሚቀረው ባዶ ቦታ ጣሪያው እንዳይወድቅ መመጠን አለበት። በዚያ በረሃ የሚቀዳው ውሃም የነዋሪው አፋርና የከብቱ መጠጥ ነው። ፖታሹ ከረጋ በኋላ በማግኒዥየም የበለጸገ መራራ ውሃ ይተርፋል። ይህ ውሃ በጨው ሜዳው ላይ ቢለቀቅ፣ ከጎርፉ በኋላ የሚረጋው ንጣፍ ማግኒዥየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ይሆናል፤ ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ይመርራል፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል። በእንዲህ ያለ ንጣፍ የተጠረበ አሞሌ መቀሌ ገበያ ሳይደርስ በግመሉ ጀርባ ላይ ይላቆጣል።