ከሐዘን በኋላ የተነገረ ቃል

በታሪካችን የነገሥታትና የመሪዎች ንግግር ሞልቷል። እኔ ደጋግሜ የማነብበው ግን ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ዕለት ያሰሙትን ነው። የማነብበው ለንጉሡ ባለኝ ፍቅር ወይም ጥላቻ ተነሥቼ አይደለም። ያን ንግግር የሰማው ሕዝብ የቀበረውን ቀብሮ፣ ያልቀበረውንም በልቡ ይዞ የመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ‹‹አትበቀል›› ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? ይህ ጥያቄ ስለሚያስጨንቀኝ ነው።

ያደግሁት ጉለሌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ስድስት ኪሎ ሲደርስ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት ያገኛል። በአጠገቡ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያን ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሚካኤል፣ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ በሰበሰበበት በዚያ ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በከተማይቱ ላይ ተለቀቁ፤ ያገኙትን ሰው ገደሉ፤ የሣር ክዳን ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አድርሶታል፤ ዘመኑን ለረጅም ጊዜ ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ካህናት ተረሸኑ።

እንግዲህ ንጉሡ የተመለሱት ወደዚህች ከተማ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በጎጃም አድርገው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ጦር ከደቡብና ከምሥራቅ መጥቶ አዲስ አበባን ያዘ። ነገር ግን ንጉሡ ወዲያው እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። በከተማይቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ስለነበሩ፣ ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ በበቀል ይነሣባቸዋል የሚል ስጋት እንግሊዞቹን ያዛቸው። አንድ ወር ያህል ዘገዩ። በመጨረሻ የገቡባት ሚያዝያ 27፣ ባዶሊዮ አዲስ አበባን ከያዘባት ቀን ልክ አምስተኛ ዓመቷ ነበረች። በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው፣ አርበኞች ተሰልፈው ተቀብለዋቸው፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወረዱ።

የንግግሩን አወቃቀር ማስተዋል ይገባል። ሰውም መልአክም ሊያውቃት ያልቻለችውን ቀን ላሳያቸው አምላክ በማመስገን ይጀምራሉ፤ ቀኒቱም ለኢትዮጵያ የአዲስ ዘመን መክፈቻ መሆኗን ያውጃሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እንደ ማንኛውም የድል ንግግር በሆነ። ነገር ግን ወደ የካቲት 12 ይመለሳሉ። በአካፋና በዶማ የተገደሉትን፣ በመጥረቢያ የተፈለጡትን፣ ከሕፃናቶቻቸው ጋር በቤታቸው የተቃጠሉትን፣ በእስር ቤት በረኃብና በጥም ያለቁትን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ደማቸውና አጥንታቸው ፍርድ ሲጠይቅ እንደኖረ ይናገራሉ። ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ ጠላት የሠራውን ግፍ በመሥራት የኢትዮጵያን መልካም ስም አታጉድፉ የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠላት መሣሪያውን ፈትቶ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ እናደርጋለን ይላሉ።

ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ሐዘኑን ሳይጠራ ምሕረትን የሚጠይቅ መሪ ሕዝቡን እርሳ እንደ ማለት ነው። ንጉሡ ግን አስቀድመው ቁስሉን በስሙ ጠሩት፤ ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ አሉ።

ሕዝቡ ምን መለሰ? የመጀመሪያው መልስ በድርጊት የተሰጠ ነው። እንግሊዞቹ የፈሩት እልቂት አልደረሰም። የተማረከው ተማርኮ ወጣ፤ ብዙ ኢጣሊያውያንም በኢትዮጵያ ቀርተው መኪና እየጠገኑ፣ ቤት እየሠሩ ኖሩ። ይህን የንግግሩ ውጤት ብቻ ነው ብዬ አልደፍርም። የእንግሊዝ ጦር በከተማው ነበር፤ ንጉሡም የዓለም መንግሥታት እንደሚመለከቷቸው ያውቁ ነበር። ሆኖም ወታደር በየጓሮው ሊቆም አይችልም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በጎረቤቱ የሚያልፈውን ኢጣሊያዊ ዝም ብሎ ሲያሳልፈው፣ ያን ዝምታ ከራሱ ልብ እንጂ ከሌላ ከየትም አላመጣውም።

ሁለተኛው መልስ ግን ምሬት ነበር፤ የተነጣጠረውም በኢጣሊያውያን ላይ አልነበረም። ‹‹አዲስ ዘመን›› በተባለው ውስጥ ማን በየት ይቀመጣል? አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ የሚሉት ሦስት ስሞች ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያን ፖለቲካ ለብዙ ዓመታት ከፋፍለውታል። አምስት ዓመት በዱር የኖረው አርበኛ፣ ለጠላት ያደረ ሰው በሹመት ላይ ሲሰየም አየ። የንጉሡን ከሀገር መውጣት አጥብቀው የተቃወሙት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ደጋግመው ታሰሩ። ስሙ ጎጃምን ያናወጠው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚለው ቃል ለጠላት ሠራ፤ ለበላይ አልደረሰም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስለ ሚያዝያ 27 ሲያወሩ ድምፃቸው በደስታ ጀምሮ በዚህ ስም ላይ ሲደርስ ዝቅ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሥነ ጽሑፋችንም የዚህን ዝምታ ድርሻ ተሸክሟል። በአማርኛ የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለድ ተደርጎ የሚቆጠረው የተመስገን ገብሬ ‹‹የጉለሌው ሰካራም›› በ1941 ዓ.ም. ሲታተም፣ ጉለሌን የምናገኛት በሰካራሙ በተበጀ ኑሮ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ግን የየካቲት 12ን እልቂት በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። ያየውንም በግለ ታሪኩ ጽፎታል፤ ያ መጽሐፍ ለአንባቢ የደረሰው ጸሐፊው ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጉለሌ በልብ ወለድ አስቀድማ ተነገረች፤ እልቂቱን ያየው ዓይን ምስክርነት ግን ዘግይቶ መጣ።

ፍርድ ሲጠይቁ የኖሩት አጥንቶችስ? ኢትዮጵያ ግራዚያኒንና ባዶሊዮን በጦር ወንጀል ለማስፈረድ ጥራ አልተሳካላትም። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በሀገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ ግን ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ እንጂ የአዲስ አበባ ደም አልነበረም፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ከ1933 ዓ.ም. ንግግር ሕዝቡ የራሱን ድርሻ፣ አለመበቀልን፣ ፈጸመ። ፍርዱ የመንግሥታት ድርሻ ነበር፤ እርሱ ሳይፈጸም ቀረ።

ቀኒቱ ራሷም ዕረፍት አላገኘችም። ደርግ የድሉን በዓል ከንጉሡ መግቢያ አላቅቆ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። መንግሥታት በቀኑ ላይ የተከራከሩት ድሉ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት ከድሉ ይልቅ የምሕረቱ ባለቤት ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ቃሉን የተናገሩት በእልቂቱ ጊዜ በባዕድ ሀገር የነበሩ ንጉሥ ናቸው። በቃሉ የኖሩበት ግን ከእንጦጦ ግርጌ ቤታቸው ነድዶ፣ ከአመዱ ላይ መልሰው ጎጆ የቀለሱት ናቸው። ንግግሩን ስናወድስ የእነርሱን ስም ከተናጋሪው ስም በታች ልንጽፈው አይገባንም።