በጋራ የሊነክስ ኮምፒዩተር ላይ ጊዜያዊ የተጠቃሚ መለያ አከፋፈትና አዘጋግ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ኮምፒዩተር ቋሚ ሠራተኞችን፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚመጡ ተለማማጆችንና የአጭር ጊዜ ሠልጣኞችን በየተራ ሊያገለግል ይችላል። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ የባለጉዳይ መዝገብ ቢሰረዝ ወይም ቢለወጥ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው መለየት ያዳግታል፤ ጥርጣሬውም ንጹሑን ጭምር ይነካል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ተግባር አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ በጥንቃቄ እንዲያዝ ይደነግጋል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ጊዜያዊ ተጠቃሚ የተለየና የማብቂያ ቀን ያለው መለያ መክፈት ያስፈልጋል።

መለያ ሲከፈት

1. መለያው በአንድ ሰው ስም ይከፈታል፤ ለቡድን የጋራ መለያ አይሰጥም።
2. ተጠቃሚው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን በሚያስገኘው የሱዶ ቡድን ውስጥ አይካተትም።
3. የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ተጠቃሚው ገና ሲገባ እንዲለውጥ ይደረጋል።
4. የግል ማኅደሩ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዝግ ይሆናል።
5. የማብቂያው ቀን ለነገ ሳይባል መለያው በሚከፈትበት ጊዜ ይመዘገባል።

የዘመን አቆጣጠር ጥንቃቄ

ሊነክስ የማብቂያ ቀንን የሚቀበለው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ የተለማማጁ የመጨረሻ የሥራ ቀን ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ አቻው ጁላይ 7 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። መለያው የሚዘጋው የተጻፈው ቀን ሲገባ በመሆኑ «2026-07-08» ተብሎ ይመዘገባል። ሰኔ አሥረኛ ወር ነው በሚል «2018-10-30» ቢጻፍ ግን ሥርዓቱ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደዋል፤ ቀኑ ያለፈ በመሆኑም ተለማማጁ ከመጀመሪያው መግባት አይችልም።

መለያ ሲዘጋ

የማብቂያው ቀን ሲደርስ አዲስ መግቢያ ይከለከላል። ሆኖም አስቀድሞ ገብቶ በሥራ ላይ ያለን ተጠቃሚ አያስወጣም፤ ፋይሎቹንም አይሰርዝም። በመሆኑም መለያው ከመሰረዙ በፊት የሥራ ሰነዶች ወደ መሥሪያ ቤቱ ማኅደር ይገለበጣሉ። ከግል ማኅደሩ ውጭ የቀሩ ፋይሎችም ተፈልገው ባለቤትነታቸው ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ የተሰረዘው መለያ ቁጥር ለአዲስ ተጠቃሚ ሲሰጥ ፋይሎቹ በእርሱ እጅ ሊገቡ ይችላሉ።

መለያው የተከፈተበትን ምክንያት፣ የፈቀደውን ኃላፊና የተዘጋበትን ቀን በመዝገብ መያዝ ይገባል። ለተጨማሪ ማብራሪያ የየመሥሪያ ቤቱን የኢኮቴ ክፍል ማነጋገር ይቻላል።