የተመራማሪ የኅትመትና የጥቅስ መዝገብ፦ ምንነቱ፣ አነባበቡና አያያዙ

የአንድ ተመራማሪ የኅትመትና የጥቅስ መዝገብ፣ ተመራማሪው ያሳተማቸውን ሥራዎችና ሥራዎቹ በሌሎች የምርምር ጽሑፎች ውስጥ የተጠቀሱበትን ብዛት በአንድነት የሚያሳይ ሰነድ ነው። መዝገቡ ለቅጥር፣ ለማዕረግ ዕድገትና ለምርምር ድጋፍ በሚቀርቡ ማመልከቻዎች ላይ በብዛት ይጠየቃል። ስለሆነም አመልካቾችም ሆኑ ገምጋሚዎች መዝገቡ የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል። በተለይም ከአንድ በላይ በሆኑ መስኮች፣ ለምሳሌ በኬሚስትሪና በውስብስብ ሥርዓቶች ጥናት የሚሠራ ተመራማሪ መዝገብ በአንድ ቁጥር ብቻ ሊመዘን አይችልም።

ዋና ዋና መለኪያዎች

ጥቅሶችን በሥርዓት መመዝገብ የተስፋፋው፣ በኬሚስትሪ የተመረቀው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን ማሳተም ከጀመረ በኋላ ነው። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራባቸው መለኪያዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ጠቅላላ የጥቅስ ብዛት፦ ሥራዎቹ በሙሉ የተጠቀሱበት ድምር ነው። አንድ በብዛት የተጠቀሰ ጽሑፍ ድምሩን ብቻውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።
• ኤች-ኢንዴክስ፦ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሔ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው መለኪያ ነው። አምስት ጽሑፎች በቅደም ተከተል 30፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉ የተመራማሪው ኤች-ኢንዴክስ 4 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከአገልግሎት ዘመን ጋር ሊያድግ እንጂ ሊቀንስ ስለማይችል ጀማሪ ተመራማሪዎችን ከነባሮች ጋር ለማወዳደር አያገለግልም።

ቁጥሮች ለምን ይለያያሉ?

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚቆጥሩት መርጠው ካካተቷቸው ኅትመቶች ነው። ጉግል ስኮላር ግን የመመረቂያ ጽሑፎችንና ሌሎች በድረ ገጽ የሚገኙ ሰነዶችን ጭምር ስለሚያካትት ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። የአጠቃቀስ ልማድም ከመስክ መስክ ይለያያል፤ ለምሳሌ የኬሚስትሪ ጽሑፎች በአማካይ ከሒሳብ ጽሑፎች በበለጠ ይጠቀሳሉ። የውስብስብ ሥርዓቶች ጥናት፣ ማለትም የብዙ አካላት መስተጋብር የሚፈጥረውን የጋራ ባሕርይ የሚመረምረው መስክ፣ ውጤቶቹን በፊዚክስ፣ በሒሳብና በሥነ ሕይወት መጽሔቶች ጭምር ያሳትማል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሥራ ጥቅስ ከራሱ መስክና ከታተመበት ዘመን አንጻር መታየት ይኖርበታል።

ከሳይንስ ታሪክ የተወሰደ ማሳያ

የሶቪየት ኅብረት ኬሚስት ቦሪስ ቤሎውሶቭ፣ የአንድ ውሕድ ፈሳሽ ቀለም በየጊዜው ከቢጫ ወደ ቀለም አልባነት፣ ተመልሶም ወደ ቢጫ እንደሚለወጥ አስተዋለ። በ1950ዎቹ ግኝቱን ለኅትመት ቢያቀርብም፣ ኬሚካዊ አጸግብሮት እንዲህ ሊዋልል አይችልም ተብሎ ጽሑፉ ውድቅ ተደረገበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1959 አጭር ጽሑፉ የወጣው ጥቂት አንባቢ ባለው የሕክምና ጥናቶች መድበል ውስጥ ነበር። አናቶል ዣቦቲንስኪ ከ1961 ጀምሮ ሥራውን ቀጥሎበት ግኝቱ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በብራስልስ ይሠራ የነበረው ኢሊያ ፕሪጎዢንም ከሚዛን የራቁ ሥርዓቶች እንዴት ሥርዓት ያለው ቅርጽ እንደሚይዙ በንድፈ ሐሳብ በማስረዳቱ እ.ኤ.አ. በ1977 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ቤሎውሶቭ በ1970 አርፎ ስለነበር፣ በ1980 የሌኒን ሽልማት የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ አጸግብሮቱ በሁለቱ ኬሚስቶች ስም ይጠራል፤ ለውስብስብ ሥርዓቶች ጥናትም መሠረታዊ ማሳያ ነው። ቤሎውሶቭ በሕይወት ሳለ በጥቅስ ብዛት ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ የሥራው ዋጋ ባልታየ ነበር።

አመልካቾች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

1. ስምን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጠቀም። «ኃይለ ማርያም» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ ተያይዞ፣ ሌላ ጊዜ ተለያይቶ ቢጻፍ የመረጃ ቋቶች የአንዱን ሰው ሥራ ለሁለት ሰዎች ሊከፍሉት ይችላሉ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድም የስም ቅደም ተከተል በሁሉም ኅትመቶች አንድ መሆን አለበት።
2. የኦርኪድ መለያ ቁጥር ማውጣት። ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ይህ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ተመራማሪውን ከስመ ሞክሼዎቹ ይለያል።
3. በስም መመሳሰል የገቡ የሌላ ሰው ሥራዎችን ማስወጣት፣ የተዘነጉትንም ማስገባት።
4. የጥቅስ ብዛት ሲጠቀስ የመረጃ ቋቱን ስምና መረጃው የተወሰደበትን ቀን መጻፍ።
5. በተለያዩ መስኮች የታተሙ ሥራዎችን በየመስካቸው ከፍሎ ማቅረብና የተመራማሪውን ድርሻ በአጭሩ መግለጽ።

ማሳሰቢያ

እ.ኤ.አ. በ2012 የተነደፈው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ፣ የጆርናል መለኪያዎች የአንድን ጽሑፍ ጥራት ወይም የአንድን ተመራማሪ አስተዋጽኦ ለመመዘን ምትክ ሆነው እንዳያገለግሉ ያሳስባል። ቁጥሮች ለገምጋሚው መነሻ ይሆናሉ፤ ውሳኔው ግን ሥራውን በማንበብ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።