የጎባዋ ቮልስ

በአገራችን የአውቶሞቢል ታሪክ በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት መኪና ተደጋግማ ተጽፋለች። ወሬው የሚያልቀውም እዚያው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበርና። በእነዚህ በሁለቱ መኪናዎች መካከል ያለው የ67 ዓመት ታሪክ ግን በአብዛኛው የተሠራው በጋራዥ ነው፤ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ፣ ከመኪና ሥር በጀርባቸው በተኙ ሰዎች እጅ። ስለ እነርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ይህን ሐሳብ በልቤ ያሳደረው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ ጎባ ላይ ከአባቴ ጋር አንዲት አሮጌ ቮልስ ማደሳችን ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው የቀሰሙት በጣሊያን ጊዜ በካሚዮን ሥር ካደጉ አንድ ሽማግሌ ነው። እኔ ልጃቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግጥምና ተውኔት የምጽፍ ሰው ሆንሁ፤ ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ቃላትን ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያኖቹ ዘንድ ሻማም ነው፤ የካሚዮን ክብደት የሚሸከመው ባለስትራ ደግሞ በጥንት ትርጉሙ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነበር። (ቮልስ ግን ባለስትራ የላትም፤ ይህን ሳላውቅ ጠይቄ ተስቆብኛል።) ቃላቱ ከወራሪው ካሚዮን ጋር መጡ፤ በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲወጣ አብረውት አልወጡም። ያስቀሯቸው ባለሙያዎቻችን ናቸው። አፋቸው እንደተመቸው ቆርጠውና ቀጥለው የአማርኛ አደረጓቸው። ስለ ቃላት ውርስ ብዙ እንጽፋለን፤ ይሁንና መዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን ጋራዥ ገብተው የሚያድሩ አይመስለኝም።

ጎባ የባሌ ርእሰ ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከሻሸመኔ ተነሥቶ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤና ጎባ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት አያውቅም ነበር። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው መኪና ይፈትናል። እህሉን የሚጭኑት ኤን ትሬ የምንላቸው የፊያት ካሚዮኖች፣ ለመንግሥት ሥራ የሚሮጡት ላንድሮቨሮች ነበሩ። ደመወዙን ያጠራቀመ መምህር ወይም ጸሐፊ የሚመኛት ግን ቮልስን ነው። ምክንያት ነበረው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ራዲያተር የሌላት መኪና ሌሊቱ በረዶ በሚጋግርበት ደጋ ላይ ውኃዋ አይረጋም፤ በቆላም አይፈላም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። አራቱ ሲፈቱ ሁለት ሰው ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣች፤ በእኛ አገር ግን ዛሬም በየመንደሩ አለች።

የእኛይቱ ከአንድ ዋርካ የማያንስ ዕድሜ የቆየች እስክትመስል ድረስ ዝጋለች። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ የቮልስ ሁሉ በሽታ ነው። አባቴ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ያንን ቦታ ከበርሜል በተቆረጠ ላሜራ ጠግነውት ነበር። እኔ ዓይኔን ጣፋዩ ላይ ጥዬ፣

«አባባ፣ ይህን አውጥተን ከውጭ አገር አዲስ ወለል እናስመጣ፤ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች ትሁን» አልኳቸው።

«ጀርመን የሠራውን ዝገት በላው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እኔ የሠራሁት ይኸው አለ። የትኛውን ነው የምታወጪው?»

መልስ አላገኘሁም። በኋላ ባነብ ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ኖሯል። የዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የቱሪን ቻርተር የተባለውን ሰነድ ሲያጸድቅ፣ አርአያ ያደረገው ለሐውልቶችና ለጥንታዊ ሕንፃዎች በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር ነው። ሁለቱም ዕድሜና አገልግሎት ያሳረፉትን አሻራ አክብሩ ይላሉ። ይህን ለማወቅ ቱሪን መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ የብራና መጻሕፍታችንን ያየ ያውቀዋል። ቆዳው የተቀደደበት በክር ይሰፋል፤ ጸሐፊው ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። ስፌቱን አውጥቶ መጽሐፉን አዲስ ለማስመሰል የደፈረ ሊቅ አላውቅም።

እኔ ግን ደፍሬያለሁ። አባቴ አንድ ቀን ለለቅሶ ሮቤ በሄዱበት፣ ሥራ ላፋጥንላቸው ብዬ የግራውን በር በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላሜራው እስኪያበራ አወረድሁት። ነጩ ቀለም ወረደ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤ እርሱም ወረደ፤ ከሁሉ በታች የፋብሪካውን ግራጫ ሳገኝ ደስ አለኝ። አባቴ ማታ መጥተው ጣታቸውን በላሜራው ላይ ሲያስኬዱ ቆዩ። «ሰማያዊውን በብሩሽ ነበር የቀባሁት» አሉ። «አንቺ በተወለድሽ ዓመት ነው። የቀለም መርጫ አልነበረንም።» ሌላ አልተናገሩም። የታሪክ ምንጭ ፍለጋ የገባሁ ሰው ምንጩን በገዛ እጄ ፍቄ ጥዬው ኖሯል። የቀኙ በር እስከ ዛሬ ሳይነካ ነጭ ነው፤ ሰማያዊው ከሥሩ አለ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ውሳኔውን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ ቤንዚን የሚገዛ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የላትም፤ ካርቡራተርም ፍሪሲዮንም የላትም። ቃላቱን የሚያውቁት አባቶችም ሰባውን አልፈዋል።

ቮልሷን የሞከርናት በኅዳር ነው። ጎባን ለቀን ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጣን። ከተማዋ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር ይታለፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚወፍር፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ከጅብራዎቹ መካከል ስንደርስ ሞተሯ ማነቅ ጀመረች። አባቴ አስቁመው ካንዴላ አስፈቱኝ፤ ጥላሸት ለብሶ ወጣ። ከኪሳቸው የምስር ፍሬ የምታክል የናስ ብሎን አወጡ፤ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳዋ ከነበረችው የጠበበ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጡኝ። ስጨርስ ሞተሩን አስነሡና ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘነበሉ።

«ስሚ፣ አሁን ሦስተኛው ሲሊንደር ገባ» አሉኝ።

እኔ የሰማሁት ነፋሱን ብቻ ነበር። ሞተሩን አጥፍተው እንደገና አስነሡልኝ።