የግራኝ ዘመን፣ የሐይቅ መንገድ እና የአባ ዕንባቆም ደብዳቤ

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ሐይቅ የሚጓዝ ሰው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስተ ሰሜን አንጎት፣ በስተ ደቡብ ቤተ አምሐራ ይባል የነበረውን አገር ያቋርጣል። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ የእኛ ሕዝብ ግራኝ የሚለው መሪ፣ ሠራዊት የተመላለሰው በዚህ አገር ነው። በሀብሩ ይህን ታሪክ የሚሰብክ መጋቢ ከአድማጮቹ መካከል አጎቱ ወይም አማቱ ሙስሊም የሆነ ሰው መኖሩን ያውቃል። ስለዚህ ነገሩን አጣርቶ መናገር ለእርሱ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በስብከቶቻችን አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ቁስጥንጥንያን የወሰደው ኃይልና ግራኝን የላከው ኃይል አንድ ነው ይባላል። ዘመኑ በእርግጥ ይገጥማል። ቁስጥንጥንያ በ1453 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደቀች፤ ግብፅ በ1517 በኦቶማኖች እጅ ገባች። በመጋቢት 1529 ዐፄ ልብነ ድንግል ሽምብራ ቁሬ ላይ ድል ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት መከር ሱልጣን ሱለይማን ቪየናን ከበበ። ነገር ግን ኢማሙ የአዳል ሰው እንጂ የኢስታንቡል ሹም አልነበረም። የጠቡ ሥር እዚሁ ነው፦ የዘይላ ንግድ መንገድ፣ የግብርና የበላይነት ጥያቄ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በይፋት ላይ ከዘመቱበት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲወጋጉ ቆይተዋል። የኦቶማን ጠመንጃና መድፍ በዚህ አሮጌ ጠብ ላይ የተጨመረ ነው፤ እንደዚሁም በ1541 የመጡት 400 ፖርቱጋላውያን።

በ1531 ጦሩ ቤተ አምሐራን ወረረ። መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ተቃጠሉ፤ የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁባት አምባ ግሸን ለጊዜው ተከላከለች፣ በ1540 ግን ተያዘች። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው የየመኑ ዐረብ ፋቂህ እንደሚተርከው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ሀብታቸውን አስረክበው ደሴቲቱን ከእሳት አተረፉ።

ከቃጠሎው ይልቅ ለእኛ የሚከብደው ግን የክህደቱ ጉዳይ ነው። ሹማምንትና ወታደሮች፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ሕዝብ፣ ሃይማኖታቸውን ለወጡ፤ ከፊሎቹ ጦርነቱ ሲገለበጥ ተመለሱ። በፍርሃት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ሕዝቡ ከንጉሡ ጋር የተጠመቀ ስለ ነበር፣ ንጉሡ ሲሸሽ የሚይዘው እንዳጣ አስባለሁ።

ይህን ከተናገርን ቦሩ ሜዳንም መተው አንችልም። በ1878 በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የወሎ ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ ተገደዱ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፣ እነ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ። የሀብሩ ሙስሊም ጎረቤታችን አያቶቹ የነገሩት ይህን ነው፤ ለእርሱ አስገዳጁ የመስቀል ምልክት ያለበት ነበር።

ማርቲን ሉተር በ1529 ስለ ቱርክ ጦርነት ሲጽፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዜጎቹን ለመጠበቅ እንደ ገዥ ይዋጋ እንጂ በክርስቶስ ስም የመስቀል ጦርነት አይጥራ አለ፤ የክርስቲያን ድርሻ ንስሐና ጸሎት ነው አለ። ጥሩ ቃል ነው፤ ሆኖም ሉተር ቱርኮችን በቅርብ አላያቸውም።

አባ ዕንባቆም ግን አይቷል። በየመን ሙስሊም ሆኖ ያደገ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የተጠመቀ፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነ ሰው ነው። ገዳማት ሲቃጠሉና እርሱም ሲሰደድ፣ በ1540 «አንቀጸ አሚን»ን ለኢማሙ እንደ ደብዳቤ አድርጎ ጻፈ። በውስጡ እርግማን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ያዝናል፤ ጸሐፊው ቁርኣንን ያውቃል፣ ከዚያው እየጠቀሰ ስለ ክርስቶስ ይሟገታል፣ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠልና መነኮሳትን መግደል እንዲቆም ይለምናል። ጠላቱን ማስረዳት እንደሚቻል ያምን ነበር ማለት ነው።

በየካቲት 1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በባዝል የላቲን ቁርኣን ከሉተር መቅድም ጋር ታተመ፤ የዕንባቆም መጽሐፍ ግን በግእዝ ብራና ውስጥ ቆይቶ በ1969 ቫን ዶንዜል ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በላይደን አሳተመው። በእኔ ትዝብት፣ ስለ እስልምና በምንማርባቸው ክፍሎች የመጀመሪያው መቅድም ይጠቀሳል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ገና አልገባም።