ያለ ክፍያ የሚያክም ሆስፒታል የገንዘብ ታሪክ

ዶክተር ሬጂናልድና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ከአውስትራልያ አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የ3 ዓመት ነበር፤ ሥራቸውም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ውሉ አለቀ፤ እነርሱ ግን ቀሩ። ያስቀራቸውም በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ፌስቱላ ደርሶባቸው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከባልና ከጎረቤት ተለይተው የሚመጡት ሴቶች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የተመራበት ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከታካሚ ሳንቲም አለመቀበል ነው።

ይህ ደንብ ለሐኪም ክብር፣ ለሒሳብ ሹም ግን ራስ ምታት ነው። በሚያስከፍል ሆስፒታል የበሽተኛ መብዛት ገቢን ያሳድጋል፤ በዚህኛው ግን ወጪን ብቻ ያበዛል። ወጪውም በቀዶ ሕክምናው አያበቃም፤ የሳምንታት ምግብና መኝታ፣ አዲስ ቀሚስ፣ ወደ አገር ቤት መመለሻ የአውቶቡስ መሳፈሪያ አለበት። ከዳኑት ሴቶች አንዳንዶቹ በአስታማሚነት ሠልጥነው እዚያው መሥራታቸው ሸክሙን ሳያቀለው አልቀረም።

ገቢው ባመዛኙ ከባሕር ማዶ የሚላክ ልግስና ስለ ነበር፣ የምንዛሪው ተመን የሆስፒታሉ ስውር መዝገብ ሆነ። በደርግ ዘመን ሁሉ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ተመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1992 ዓ.ም. 5 ብር ገባ። 1,000 ዶላር የለገሰ ሰው ከዚያ በፊት 2,070 ብር፣ ከዚያ በኋላ 5,000 ብር ሰጠ ማለት ነው። ደመወዝና እህል በብር ስለሚከፈሉ ለእነዚህ ሲሳይ ነበር፤ ከውጭ ለሚመጣው መድኃኒትና የስፌት ክር ግን ምንም የጨመረው የለም።

ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ዐረፉ። ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በኦፕራ ዊንፍሬይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከቀረቡ በኋላ ስጦታው ጎረፈ። በተከታዮቹ ዓመታት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ። ሕንፃ ግን አንድ ጊዜ በመጣ ገንዘብ ይቆማል፤ ደመወዝ በየወሩ ይጠየቃል። ለጋሽም ቢሆን ስሙ የሚጻፍበትን ግድግዳ እንጂ የጄኔሬተር ነዳጅን እምብዛም አይወድም።

ካትሪን እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። የብዙ ለጋሽ እጅ የተዘረጋው እርሳቸውን አይቶ ነበርና፣ ድርጅቱ ያለ መሥራቾቹ መለመን ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የ1992ቱ ሒሳብም ከነክሩ፣ ከነመድኃኒቱ እንደ ገና ተጀመረ።