በ5 ድምፅ ፓርላማ የገባው መምህር

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅኝ ግዛት እያስተማርኩ ሳለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን ፓርላማ ቢገባ ምን ይለውጣል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወሉ ስለተደወለ መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ባይደወልም የምመልሰው አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሳብሰለስለው ግን የዳዳባይ ናሮጂ ታሪክ ትዝ አለኝ። ለልጁም ለእናንተም ይሆናል ብዬ ልጽፈው ተነሳሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናሮጂ በ1825 ሕንድ ውስጥ ቦምቤይ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ ከድሃ የፓርሲ ቤተሰብ ተወለደ። ፓርሲዎች በጥንት ዘመን ከፋርስ ተሰደው ሕንድ የገቡ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ናቸው። ገና በ4 ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ እናቱ ናት ያሳደገችው። ክፍያ በሌለው ትምህርት ቤት ተምሮ በኤልፊንስተን ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደረሰ። በኮሌጁ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ እሱ ነው። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ያለ ደሞዝ ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ትንሽ ባዳላለት አትፍረዱብኝ።

በ1855 ለንግድ ሥራ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቱ በሁለቱ አገሮች መካከል መመላለስ ሆነ። በ1870ዎቹ አጋማሽ ቦምቤይ ተመልሶ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሆነ። የከተማ ምክር ቤት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፦ ውኃ፣ ቆሻሻ፣ መንገድ፣ ግብር። ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው። ናሮጂ ግን የሒሳብ ሰው ነውና ለከተማዋ ውኃ የሚያቀርበውን የቬሃር ግድብ ዕዳ መዝገብ አገላብጦ፣ መንግሥት ከከተማዋ ላይ በሚጠይቀው ሒሳብ ላይ ሙግት ገጠመ።

ያንኑ የመዝገብ ዓይኑን በ1876 ወደ መላው ሕንድ አዞረው። መንግሥት ራሱ ያሳተማቸውን ቁጥሮች ሰብስቦ ደመረና የአንድ ሕንዳዊ አማካይ ገቢ በዓመት 20 ሩፒ ነው አለ። ቀጥሎ ለአንድ እስረኛ ቀለብና ልብስ የሚወጣውን አሰላ። እስረኛው በለጠ! በነፃነት እያረሰ ከሚያድረው ገበሬ ይልቅ እስር ቤት ያለው ሰው የተሻለ ይበላል ማለት ነው። ገንዘቡ የት ሄደ ቢባል መልሱ አንድ ነበር፦ በደሞዝ፣ በጡረታና በልዩ ልዩ ክፍያ ስም ወደ እንግሊዝ።

ታዲያ ይህን ሒሳብ ለማን ያቅርበው? ከ250 ሚሊዮን በላይ የሆነው የሕንድ ሕዝብ በለንደኑ ፓርላማ አንድም ወኪል አልነበረውም። ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፦ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ያለ ሰው ሕንዳዊም ቢሆን እንግሊዝ አገር መወዳደር ይችላል። ናሮጂም ጉዳዩ ወደሚወሰንበት ቦታ ራሴ እሄዳለሁ ብሎ በ60 ዓመቱ ተነሳ።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1886 ለንደን ውስጥ ሆልቦርን በሚባል ምርጫ ክልል ነበር። የተወዳደረው በሊበራል ፓርቲ ስም ነው። ከተማው ከገባ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ አካባቢው የወግ አጥባቂዎች ነው፤ በዚያ ላይ ሊበራሎች በአየርላንድ ጉዳይ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። የፓርሲ ባርኔጣውን ትቶ የእንግሊዝ ኮፍያ እስከ ማድረግ ደርሷል። አልሆነም። በ1,700 ድምፅ ገደማ ተሸነፈ።

አገሩ ገብቶ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ሁለተኛ ጉባኤ በሊቀመንበርነት መራ፤ ከዚያ ተመልሶ ለንደን ሄደ። በ1888 ሴንትራል ፊንስበሪ የሚባል የሰዓት ሠሪዎችና የአንጥረኞች ሰፈር ዕጩ ሆነ። እዚህም ከተቃዋሚው በፊት የራሱ ፓርቲ ሰው አስቸገረው፤ ዕጩው እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሊበራል ተነሳና ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጀ።

በዚህ መሐል ነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሳሊስበሪ የተሳሳተው። በዚያው በ1888 መጨረሻ ኤድንብራ ላይ ሲናገር፣ የሰው ልጅ ምንም ቢሠለጥን አንድ የእንግሊዝ ምርጫ ክልል ጥቁር ሰው ይመርጣል ብዬ አላምንም የሚል ንግግር አደረገ። ናሮጂን ማለቱ ነው። ነገሩ አገር አነጋገረ። ከሳሊስበሪ ይልቅ ናሮጂ ይቀላል ብለው የቀለዱም ነበሩ። እስከዚያ ቀን ናሮጂን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የማያውቀው ጠፋ። ሊያዋርደው የፈለገው ሰው አስተዋወቀው።

የ1892 ምርጫ መጣ። በእኛ አገር ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ወደ ማብቂያው የደረሰበት ጊዜ መሆኑ ነው። ድምፁ ሲቆጠር ናሮጂ በ3 ድምፅ በለጠ። እንደገና ይቆጠር ተባለ፤ 5 ሆነ። 2,961 ለ 2,956። የስሙ አጠራር በእንግሊዝኛ «ጠባብ ብልጫ» ከሚለው ሐረግ ጋር ስለሚቀራረብ «ሚስተር ናሮው ማጆሪቲ» እያሉ ቀለዱበት። እሱ ግን በ66 ዓመቱ ገብቶ በራሱ ቅዱስ መጽሐፍ፣ በአቬስታ፣ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። ምን ለወጠ?

የሕንድ ከፍተኛ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚሰጠው ለንደን ብቻ ነበር። አንድ የሕንድ ልጅ ለመፈተን ባሕር መሻገር፣ ለዚያም ብዙ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። በ1893 ፈተናው ሕንድም ለንደንም በአንድ ጊዜ ይሰጥ የሚል ውሳኔ ሐሳብ በናሮጂና በጓደኞቹ ግፊት በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አለፈ። አለፈ ግን አልተፈጸመም፤ መንግሥት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በ1895 ናሮጂ ወንበሩን አጣ። በ1906 ኖርዝ ላምቤዝ ላይ ደግሞ ሞከረ፣ ተሸነፈ። አንድ ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁ ልክ ነበር? እኔ በከፊል ልክ ነው እላለሁ። አንድ ሰው 670 አባላት ያሉትን ምክር ቤት በድምፅ አያሸንፍም። ሳልሸፋፍን ይህንን እነግረዋለሁ።

የቀረውን ግን አስቡት። ናሮጂ ዕድሜውን ሙሉ የእንግሊዝ ሕዝብ እውነቱን ቢሰማ ይፈርድልናል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ያንን እምነት እስከ መጨረሻው በር ድረስ ወስዶ ፈተነው። ለመነ፣ አስረዳ፣ ቆጠረ፣ ተመረጠ፣ ውሳኔም አሳለፈ፤ ውሳኔው ተቀበረ። ስለዚህ በዚያው በ1906፣ በ81 ዓመቱ፣ በካልካታው የኮንግረስ ጉባኤ ላይ የምንጠይቀው ስዋራጅ ነው፣ ራስን በራስ ማስተዳደር ነው ሲል ሁሉንም መንገድ የሞከረ ሽማግሌ ቃል ነበር። አልሞከራችሁም የሚል አፍ አልነበረም። በ1917 ሞተ፤ ሕንድ ከ30 ዓመት በኋላ ነፃ ወጣች።

ሌላው ደግሞ የ5ቱ ነገር ነው። እኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል። ሳሊስበሪ አይሆንም ያለውን ነገር እንዲሆን ያደረገው ብልጫ ሁለት ዴስክ አይሞላም። ከሰዓት መጠገኛ ቤቱ ወጥቶ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሥራው የተመለሰ አንድ ፊንስበሪያዊ «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ብሎ ቢቀር ኖሮስ?

ሰኞ ለልጁ የምመልስለት ይሄን ነው። እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼስ ምን ትጨምራላችሁ? ጻፉልኝ፣ አነብላቸዋለሁ።